ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ዌብ ፕሮግራሚንግ ልመለስ ላልሽው እህቴ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ከ2007 እስከ 2013 አዲስ አበባ ዌብሳይት እሠራ ነበር። በፒኤችፒ (ሰርቨር ላይ የሚሠራ ቋንቋ)፣ በማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ)፣ በጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ)፣ በጁምላ (ዌብሳይት ማስተዳደሪያ)። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ፣ ሁለት ልጆች ወለድኩ። አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ወደ ሙያዬ መመለስ እፈልጋለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ግን ግማሹን ቃል አላውቀውም። ጓደኛዬ 12 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ቡትካምፕ (የጥቂት ወራት የኮድ ሥልጠና) ግቢ ትለኛለች። ከዜሮ ልጀምር? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጊዜው አላለፈብሽም። ከዜሮም አትጀምሪም። ቡትካምፑን ደግሞ ለአሁኑ ተዪው። ለምን እንዲህ እንደምል ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እኔም ፒኤችፒ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ መብራት ሲመጣ እየጻፍኩ፣ ሲጠፋ ወረቀት ላይ እያሰብኩ። አሁን ቨርጂኒያ ከፕሮግራመሮች ቡድን ጋር እሠራለሁ። ሰው ሲቀጠርም ኢንተርቪው ላይ እቀመጣለሁ። ዓመቶቹን እንዳንቺው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ማስታወቂያው ላይ ያስደነገጡሽ ቃላት አብዛኞቹ የመሣሪያ ስሞች ናቸው። ሥራው ያው ነው። ብራውዘር ይጠይቃል፣ ሰርቨር ይመልሳል። ፎርም፣ ኩኪ፣ ሴሽን ያኔ የነበሩት ናቸው። ሁለት ቴብል ማገናኘት፣ ኢንዴክስ የሌለው ቴብል ላይ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ለምን እንደሚንቀራፈፍ ማወቅ፣ 500 የሚል ኤረር ሲመጣ ሳይደናገጡ ሎግ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ፣ ደንበኛ «አይሠራም» ብሎ ሲደውል ምን እንዳደረገ በትዕግሥት ጠይቆ ስህተቱን ማግኘት፣ እነዚህን ሁሉ ስድስት ዓመት ሠርተሻቸዋል። በሦስት ወር ትምህርት አይገኙም። ኢንተርቪው ላይ ጎበዝ የሆኑ ልጆች ሲቸገሩ የማየውም እዚህ ጋ ነው።

አንቺ በሌለሽበት የሆነውን ቶሎ ቶሎ ላንሳልሽ። ፒኤችፒ 7 በ2015 መጨረሻ ወጣ፤ 6 የሚባለው ሳይወጣ ተዘለለ። በየገጹ ትጠቀሚባቸው የነበሩት በ«ማይኤስኪውኤል» የሚጀምሩ ፋንክሽኖች ያኔ ጭራሽ ተወገዱ። ፒኤችፒ 8 በ2020 መጣ። ላይብረሪ ዚፕ አውርዶ ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ቀረ፣ አሁን ኮምፖዘር የሚባል መሣሪያ በአንድ ትእዛዝ ያመጣዋል። ጃቫስክሪፕት በ2015 በጣም ተለወጠ፣ ተሻሻለም። አኒሜሽንና ቪዲዮ የምናሳይበት ፍላሽ በ2020 መጨረሻ አበቃለት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 ተሰናበተ፣ ለእሱ ብለን ስንት ሌሊት ያነጋንበት ጣጣ ከእንግዲህ የለም። ድሮ በዶላር ለመግዛት የምንቸገርበትን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት (ከሳይቱ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥረውን) ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ያኔም ነበረ፤ አሁን ግን ያለ እሱ ሥራ የለም።

በቃ፣ ዋናው ይሄ ነው። ተጨማሪ ብዙ ስም ትሰሚያለሽ፣ ሁሉንም ዛሬ ማወቅ የለብሽም።

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ። አዲስ ነገር አትሥሪ። ድሮ የሠራሽውን አንድ ዌብሳይት አውጪና ወደ ዛሬ አምጪው።

ለምን መሰለሽ? እዚህ አገር ሥራ የሚፈልግ ጀማሪ ሁሉ ከቪዲዮ ያየውን ትንሽ አፕ ሠርቶ ያመጣል። የሥራ ዝርዝር መመዝገቢያ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ። እኛ አሥሩን አይተን አሥሩንም እንረሳለን። በሌላ በኩል ግን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአሮጌ ኮድ ተጨናንቋል። በዓለም ላይ ካሉት ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዎርድፕረስ በሚባል ዌብሳይት ማስተዳደሪያ ነው የሚሠሩት፣ ዎርድፕረስ ደግሞ ፒኤችፒ ነው። ሌላው ማስተዳደሪያ፣ ድሩፓል 7፣ በ2011 ወጥቶ፣ ድጋፉ የተዘጋው ገና በጃንዋሪ 2025 ነው። ከእሱ ወደ አዲሱ መሸጋገር ደግሞ ከባድ ሥራ ስለሆነ ስንት ድርጅት እስካሁን እያንከባለለው አለ። አሮጌውን ኮድ አንብቦ የሚገባው፣ አዲሱንም መጻፍ የሚችል ሰው ይፈለጋል። ወጣቶቹ አሮጌውን ማንበብ አይወዱም። አንቺ ግን ራስሽ ስትጽፊው ነበር።

ኮዱ በአሮጌ ፍላሽ ዲስክ ወይም ኢሜይል ውስጥ ይኖራል። ከጠፋም የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የገጹን መልክ ታገኚው ይሆናል፤ ፒኤችፒውን ግን ከዚያ አታገኚም፣ እሱን ከትዝታሽ ትጽፊዋለሽ። አንድ ነገር አደራ። ኮዱ የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ከሆነ ሳታስፈቅጂ በአደባባይ አታውጪው። የሰው ስም፣ ስልክ፣ ፓስወርድ ያለበትን ዳታ ሁሉ አጥፍተሽ በፈጠራ ስም ተኪው።

ያንን ካጠፋሽ በኋላ ሌላ ምንም ሳትነኪ እንዳለ ጊት ውስጥ አስገቢው። ይህ የመጀመሪያው መዝገብሽ ይሁን። ከዚያ በኋላ የምታደርጊውን እያንዳንዷን ለውጥ ለብቻ፣ ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እየጻፍሽ መዝግቢ። ድሮ «ኢንዴክስ አዲሱ» «ኢንዴክስ የመጨረሻው» እያልን ፋይል እናባዛ ነበር፤ ጊት ያንን ነው የተካው። ለጀማሪ ስድስት ሰባት ትእዛዝ ይበቃል። ቀጣሪ ያንን ታሪክ ከላይ እስከ ታች ሲያነበው እንዴት እንደምታስቢ ያያል።

ከዚያ ፒኤችፒ 8 ላይ አስነሺው። ነጭ ገጽ ወይም የኤረር ጎርፍ ይመጣል፣ አይዞሽ፣ የሚጠበቅ ነው። የኤረሮቹን ዝርዝር ጻፊ። የዳታቤዝ ፋንክሽኖቹ የሉም። ጽሑፍ ውስጥ ለመፈለግ የምንጠቀምባቸው «ኢሬግ» የሚባሉት የሉም። ዝርዝር አንድ በአንድ የምናነብበት «ኢች» የለም። ያልተፈጠረ ቬሪያብል ስትጠቀሚ ድሮ ዝም ይልሽ የነበረው አሁን ያስጠነቅቅሻል። ዜሮን ከጽሑፍ ጋር ስታወዳድሪ መልሱ ተቀይሯል፣ ይቺኛዋ ኤረር ሳታሳይ ውጤት ስለምታበላሽ በደንብ ፈልጊያት። ፒኤችፒስታን የሚባል መሣሪያ አለ፣ ኮዱን ሳያስነሳ አንብቦ ስህተት ይጠቁማል። የጥብቅነት ደረጃዎች አሉት፤ ከዝቅተኛው ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይኛው ከፍ በይ።

የደኅንነቱን ነገር እዚሁ ትጨርሺዋለሽ። የፎርም ግብዓት ላይ በራሱ ምልክት እየጨመረ ይጠብቀን የነበረው «ማጂክ ኮትስ» በ2012 ከፒኤችፒ 5.4 ጋር ወጥቷል። እሱን ተማምኖ የተጻፈ ኮድ ዛሬ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ኩዌሪዎችሽን ሁሉ ፒዲኦ በሚባለው የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ፣ ዳታው ከትእዛዙ ተለይቶ እንዲገባ አድርገሽ ጻፊያቸው። ፓስወርድ በኤምዲ5 (ዛሬ በቀላሉ በሚሰበረው የድሮ መደበቂያ ዘዴ) ካስቀመጥሽም «ፓስወርድ ሃሽ» በሚባለው ፋንክሽን ቀይሪው፣ ከ2013 ጀምሮ ቋንቋው ውስጥ አለ። ኢንተርቪው ላይ «የድሮ ተጠቃሚዎችን ፓስወርድ ሳታውቂ እንዴት አሸጋገርሻቸው?» ተብለሽ ልትጠየቂ ትችያለሽ። መልሱ፦ ያለውን የኤምዲ5 ውጤት ራሱን በአዲሱ ሃሽ ትጠቀልይዋለሽ፤ ሰውዬው ቀጥሎ ሲገባ ደግሞ በንጹሑ ትተኪዋለሽ። ይህን ሠርተሽ ከተናገርሽው ጠያቂው ወንበሩን ያስጠጋል።

አሁን ልቤ ውስጥ ወዳለው ነገር ልምጣ፣ ወደ አማርኛው።

ያን ጊዜ የማይኤስኪውኤል መነሻ አቀማመጥ ላቲን1፣ ማለትም የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚያውቅ የፊደል ኮድ ነበር። ብዙዎቻችን ሳናስተውል አማርኛውን እዚያ ውስጥ ከተትነው። የድሮውን ዳታቤዝ ስትከፍቺ ከሁለት አንዱን ታያለሽ። አንደኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው፣ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት። እሱ ጠፍቷል። ዳታው ሲገባ ነው የጠፋው፣ ምንም መሣሪያ አይመልሰውም። ሁለተኛው ደግሞ ምልክት የተደረገባቸው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ነው። እሱን ስታዪ ደስ ይበልሽ፣ ምክንያቱም አማርኛሽ ሙሉውን እዚያ አለ፤ ዳታቤዙ ብቻ ስሙን ተሳስቶ ነው የሚጠራው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኮለሙን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8፣ የዓለምን ፊደላት ወደሚይዘው ኮድ፣ ይቀይረዋል። ዳታቤዙም ታማኝ ሆኖ ዝብርቅርቁን እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ይተረጉመዋል፣ ውጥንቅጡ እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ ኮለሙን ወደ ብሎብ፣ ማለትም ቋንቋ ወደሌለው ጥሬ ባይት ቀይሪው። ከዚያ ከብሎቡ ወደ ቴክስት፣ ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4 ብለሽ መልሺው። ያን ጊዜ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ባክአፕ ሳትይዢ ግን እንዳትሞክሪው። «ኤምቢ4» የሚለውን አትርሺ፣ የማይኤስኪውኤል የድሮው ዩቲኤፍ8 እስከ ሦስት ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት ሦስት ባይት ስለሆኑ ይበቃቸዋል። በ2021 ወደ ዩኒኮድ የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን አራት ባይት ናቸው፣ ኢሞጂም እንደዚያው።

ሌላም አለ። «ስትርለን» የሚለው ፋንክሽን ባይት እንጂ ፊደል አይቆጥርም። «ሰላም» ብለሽ ብትሰጪው 9 ይልሻል። ዜናውን 100 ላይ ቁረጥ ብለሽ ጽፈሽ ከነበረ፣ በመሃል ክፍተት ከሌለ 33 ፊደል ከወሰደ በኋላ 34ኛውን መሃሉ ላይ ይቆርጠውና መጨረሻው ላይ ያቺ የተበላሸ ፊደል ምልክት፣ ጥቁሯ አልማዝ፣ ትመጣለች። በ«ኤምቢ» የሚጀምሩትን ፋንክሽኖች ተጠቀሚ፣ እነሱ ፊደል ይቆጥራሉ። ይህን ሁሉ የማወራሽ ለአማርኛ ብቻ ብዬ አይደለም። የስፓኒሽ፣ የቬትናም፣ የቻይና ስሞች የተበላሹበት ዳታ እዚህ አገር በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ አለ። አንቺ በራስሽ ቋንቋ ስታስተካክዪ የተማርሽውን እዚያ ትጠቀሚበታለሽ። አንድን ሰው በስሙ በትክክል መጥራት ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊት ለፊቱ ሥራ ካሰብሽው ይቀላል። በቴብልና በፍሎት ገጽ ማሰለፍ ቀርቷል። ፍሌክስቦክስንና ግሪድን፣ አዲሶቹን የገጽ ማሰለፊያ ዘዴዎች፣ ሁለት ሳምንት ተለማመጃቸው። ግሪድ በ2017 ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ ከገባ ወዲህ ያ ሁሉ ዘዴያችን አላስፈለገም። ገጽሽን መጀመሪያ ለስልክ አዘጋጂ። ጄኩዌሪ አልሞተም፣ ዎርድፕረስ ውስጥ ዛሬም አለ፤ አዲስ ነገር ግን ያለ እሱ ጻፊ። ድሮ በጄኩዌሪ የጻፍሽውን አንድ ገጽ በንጹሕ ጃቫስክሪፕት መልሰሽ ጻፊው። ገጹ ሳይታደስ ዳታ የሚያመጣውን አጃክስ በ«ፌች»፣ መልስ ሲመጣ የሚጠራውን ኮልባክ በ«አሲንክ አዌይት» ተኪ። ይህን የጨረሰ ሰው ሪአክትን (የጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) ሲጀምር የሚማረው ሪአክትን ብቻ ነው፣ ሁለት ነገር ባንዴ አይደለም።

ሪአክትና ታይፕስክሪፕት (የዳታ ዓይነት የሚቆጣጠር ጃቫስክሪፕት) ማስታወቂያው ሁሉ ላይ ስላሉ መማርሽ አይቀርም። ከአራተኛው ወር በፊት ግን አትንኪያቸው። ከዚያ በፊት ላራቬል የሚባለውን የፒኤችፒ ፍሬምወርክ (ዝግጁ የሥራ ማዕቀፍ) ተማሪ፣ ለፒኤችፒ ሰው አሁን ዋናው መንገድ እሱ ነው። የድሮ ሳይትሽን አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የአስተዳዳሪውን ገጽ ብቻ፣ በላራቬል ሥሪው። ዶከር፣ ክላውድ፣ ኩበርኔቲስ እያሉ የሚያስጨንቁሽን ለጊዜው ዝም በያቸው።

ስለ ኤአይ አልጠየቅሽም፣ እንደምታስቢበት ግን እገምታለሁ። ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከመጣ ወዲህ የጀማሪ ሥራ ጠቧል፣ ይህን አልደብቅሽም። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ቡድናችንም ይጠቀማል። ላንቺ የምመክርሽ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኮድ አታስጽፊው። አስረጂኝ በይው። «ይህ መስመር ፒኤችፒ 5 ላይ ይሠራ ነበር፣ 8 ላይ ለምን እምቢ አለ?» ብለሽ ጠይቂው። ጥሩ መምህር ነው፣ አይሰለችም። እጅሽ ከተመለሰ በኋላ ይጻፍልሽ፣ እያንዳንዱን መስመር ግን ሳታነቢ አታሳልፊ። አንዳንዴ የድሮውንና አደገኛውን አጻጻፍ ያመጣል፣ አንቺ ደግሞ ያንን አጻጻፍ በዓይንሽ ታውቂዋለሽ።

ሥራውን የት ትፈልጊ? ትላልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ላይ ጉልበትሽን አትጨርሺ። ዋሽንግተን አካባቢ የሙያ ማኅበራት፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሞልተዋል፣ ብዙዎቹ ዎርድፕረስና ድሩፓል ላይ ናቸው። ለእነሱ የሚሠሩ ትናንሽ የዌብ ኩባንያዎችም አሉ። የፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ሥራ ብዙ ጊዜ ዜግነት ይጠይቃል፣ ከማመልከትሽ በፊት ማስታወቂያውን በደንብ አንብቢ። በ2025 ደግሞ የፌዴራል ሠራተኛ ቅነሳው ብዙ ሰው ገበያው ላይ ስላወጣ ውድድሩ ከብዷል።

ሰው የማያስተውለው አንድ በር ግን አለ። አካል ጉዳተኞች፣ ለምሳሌ ማየት የማይችሉ ሰዎች፣ ዌብሳይቱን መጠቀም እንዲችሉ መፈተሽና ማስተካከል ነው። የፌዴራል ድርጅቶችን ሴክሽን 508 የሚባለው ሕግ ያስገድዳቸዋል። በ2024 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ለክልልና ለከተማ አስተዳደሮች ዌብሳይት መመዘኛ አውጥቷል። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር «ትረስትድ ቴስተር» የሚል ነፃ የኦንላይን ሥልጠና አዘጋጅቷል፣ ፈተናውን ካለፍሽ ሰርተፊኬት አለው። የሚጠይቀው ጥሩ ኤችቲኤምኤል ማወቅና ትዕግሥት ነው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ ከአረጋውያን ጋር ነሽ። ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ስልክ ሲይዙ እንዴት እንደሚቸገሩ ከማናችንም በላይ ታያለሽ። ይህን ማመልከቻሽ ላይ ጻፊው፣ እውነተኛ ዕውቀት ነው።

ክፍተቱን አትደብቂ። ሲቪሽ ላይ ከ2013 ወዲህ ባዶ አትተዪ፣ ዓመትም አታዛቢ። «ልጆች አሳድጌ፣ በጤና እንክብካቤ እየሠራሁ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ሙያዬ ተመልሻለሁ» ይበቃል። ከዚያ ቀጥሎ ፕሮጀክትሽ። ኢንተርቪው ላይ ሲጠይቁሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሰሽ ወደ ሥራሽ እለፊ። የኛ ሰው ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ማፈር የለብሽም። ብዙ ዓመት ከሥራ ርቀው ለሚመለሱ ሰዎች «ሪተርንሺፕ» የሚባል የተወሰነ ጊዜ ቅጥር ያላቸው ኩባንያዎችም አሉ። በዚህ ስም ፈልጊ።

ስለ ገንዘቡ። ያ 12 ሺህ ዶላር የስንት ወር የሌሊት ሥራ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቡትካምፕ የሚያስተምርሽን ነገር ፍሪኮድካምፕና ኦዲን ፕሮጀክት የሚባሉት ዌብሳይቶች በነፃ ይሰጡሻል። ኤምዲኤን የሚባለው የሞዚላ የዌብ ማጣቀሻ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ፣ ስትጠራጠሪ እሱን እመኚ። ሰው ፊት ለፊት እንዲያስተምርሽ ከፈለግሽ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ አለው፣ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ አንድ ሁለት ኮርስ ብቻ መውሰድም ትችያለሽ። ከመክፈልሽ በፊት ግን አሜሪካን ጆብ ሴንተር (የመንግሥት የሥራ ፈላጊዎች ማዕከል) ሂጂና ዊኦአ በሚባለው የሥራ ሥልጠና ሕግ ለሥልጠና የሚሰጥ ገንዘብ ይገባኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። ብዙ አበሻ ይህን ሳያውቅ ከኪሱ ይከፍላል።

ጊዜውን ደግሞ እንዲህ አስቢው። ሌሊት ሠርተሽ ገብተሽ ኮድ ልጻፍ አትበይ፣ ጭንቅላት እምቢ ይላል፣ ከዚያም «አልችልም» ብለሽ ትደመድሚያለሽ። ተኝተሽ ከተነሳሽ በኋላ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ፣ አንዲት ሰዓት። በሳምንት አምስት ቀን። ከእረፍት ቀንሽ ደግሞ ሦስት ሰዓት። በዚህ አካሄድ ማመልከት የምትጀምሪው ከስምንት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል። ሥራ ማግኘቱ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ከመልስ ይልቅ ዝምታ ይበዛል። እኔ ራሴ ስድሳ ምናምን ማመልከቻ ልኬ ነው የመጀመሪያውን ኢንተርቪው ያገኘሁት። አንድ ቦታ ደግሞ ሦስት ዙር ፈትነውኝ ያለ አንድ ቃል ጠፉ። ያመኛል ስልሽ፣ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ያን ሳምንት ምንም አላመለከትኩም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቀጠልኩ።

የሌሊት ሥራሽን አትልቀቂ። የሥራ ደብዳቤው በጽሑፍ እስኪደርስሽ፣ የልጆቹ የጤና ኢንሹራንስ የሚጀምርበት ቀንም እስኪታወቅ ድረስ።

አሁን ድሮ የሠራሽውን ፈልጊና ዳታቤዙን ክፈቺ። አማርኛው እንደ ጥያቄ ምልክት ነው የሚታይሽ ወይስ እንደ ላቲን ዝብርቅርቅ? እሱንና ፒኤችፒ 8 ላይ መጀመሪያ የመጣልሽን ኤረር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።